በግ፣ ጅብ፣ ኮንዶሚኒየም

የፋሲካ ዋዜማ ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የበግ ድምፅ ሳይሰማ አይወጣም። በጉ ከደረጃው ብረት ጋር ታስሯል፤ ከፊቱ ማዳበሪያ ተነጥፎ ሣር ተበትኖለታል። የብሎኩ ልጆች ከበውታል፤ ቀንዱን ይነካሉ፣ ስም ያወጡለታል፣ የማን በግ ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። ከላይ ከበረንዳ «ኧረ ተዉት፣ ይረፍበት!» የሚል የእናቶች ድምፅ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት አባወራው ቢላውን ስሎ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ በጉን እየጎተተ ወደ ኮሙናሉ ይሄዳል። ኮሙናል በየብሎኮቹ መሀል የቆመው የጋራ ቤት ነው፤ የሚታረደው፣ የሚጋገረው፣ ለቅሶውም ሠርጉም የሚስተናገደው እዚያ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ፕላን የነደፉት መሐንዲሶች የአዲስ አበባ ሰው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ቢወጣም በግ ማረዱንና እንጀራ መጋገሩን እንደማይተው ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ለሰውና ለእንስሳ መገናኛ የሚሆን አንዲት የብሎኬት ቤት በፕላኑ ላይ አስቀመጡ።

መሐንዲሱ ያየውን የፊልም ሠሪው አላየውም። ከቦሌ መንገዱ ዓለም ሲኒማ እስከ ኤድና ሞሉ ማቲ ሲኒማ፣ ከዚያም እስከ ጉርድ ሾላው ሴንቸሪ ሞል ድረስ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያሳዩን አብዛኞቹ የአማርኛ ፊልሞች የተቀረጹት እዚያው አካባቢ ባሉ የኪራይ ቪላዎች ውስጥ ነው። ሰፊ ሳሎን፣ ነጭ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ከሳሎኑ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ፣ ካፌ፣ መኪና ውስጥ የሚደረግ የስልክ ጭቅጭቅ። በእነዚህ ፊልሞች ተፈጥሮ ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። አንድ ጊዜ በቪላው ግቢ የተከረከመ ሣር ሆና፤ ሁለተኛ ጊዜ ፍቅረኛሞቹ ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ሲወርዱ፣ ከጀርባቸው እንደ ፎቶ ቤት መጋረጃ የምትዘረጋ ሐይቅ ሆና። ሐይቁ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምድ የለም። ሣሩን ያጨደው ሰው አይታይም። የእራት ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ጥብስ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ እስካሁን አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ጎራ ውጭ የቆሙ ጥቂት የኢትዮጵያ ፊልሞች ግን አሉ። እነሱን ተራ በተራ ላየ ሰው አንድ ጠባይ ያገናኛቸዋል፦ ሰውንና ተፈጥሮን የሚያገናኙት በማዕድ ነው። ማን ይበላል? ከምን ይበላል? ማን ከማዕዱ ይነሣል? ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ይህ አተያይ ከውጭ ከሚመጣው የተፈጥሮ ፊልም ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ በብርቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ሩቅ ገጠር ሳይሆን እዚሁ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ባለው የከተማው ጠርዝ ላይ ነው።

ከ«ላምብ» እንጀምር። ያሬድ ዘለቀ ይህን ፊልሙን ይዞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ካን ሲደርስ፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ታሪኩ ጥቂት ነው። ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ እናቱ በረሃብ ትሞትበታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ልጁን ራቅ ካለ ለምለም ደጋ ዘመዶች ጋ ያስቀምጠዋል። ኤፍሬም ከቤቱ ይዞት የመጣው ሀብት ቹኒ የምትባል በጉ ናት። አጎቱ ሰለሞን ግን በዓል ሲደርስ ቹኒ እንደምትታረድ ይናገራል። ልጁ በጓን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስበት የአውቶቡስ ገንዘብ ለማግኘት ሳንቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል፤ ያውም ወንድ ልጅ ምድጃ አይጠጋም በሚባልበት ቤት።

ይህን ታሪክ የሌላ አገር የልጆች ፊልም ሠሪ ቢያገኘው አጎትየውን ጨካኝ፣ በጓን ንጹሕ፣ ልጁን ጀግና አድርጎ ይጨርሰው ነበር። ያሬድ እንዲህ አላደረገም። ሰለሞን ብዙ አፍ የሚመግብ፣ ማሳው የማይበቃው ገበሬ ነው፤ በዓልን ያለ ሥጋ ማሳለፍ ለእሱ ከጎረቤት በታች መውረድ ነው። ተመልካቹ ልጁን እየወደደ አጎቱን መጥላት ያቅተዋል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በጓን ከመበላት የሚያድናት ራሱ ምግብ መሆኑ ነው። ቹኒ እንዳትታረድ ሳንቡሳ መጠበስ አለበት፤ ሳንቡሳውን የሚገዛ ሰው መራብ አለበት። እዚያው ቤት ያለችው ጽዮን ደግሞ ጋዜጣ እያነበበች መሬቱን በተሻለ መንገድ ማረስ እንደሚቻል ትከራከራለች፤ የሚሰማት የለም። ፊልሙ ስለ እንስሳ ፍቅር ሲያወራ ስለ ምርት ማነስ ማውራቱን ለአፍታ አይዘነጋም። ለእኔ የፊልሙ ትልቅነት ካን መድረሱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለመመዘን የዓለምን ገበያ ያጥለቀለቀውን ሌላውን አተያይ ጎኑ ማቆም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዓለም የጫካው ሰዎች ከዛፉም ከአውሬውም ጋር ተስማምተው ይኖራሉ፤ ክፋት የሚመጣው በማሽን ተጭኖ ከሰማይ ነው። እርሻ የለም፣ የከብት ግጦሽ የለም፣ የዝናብ መዘግየት የለም። ውብ ነው፤ ግን ማሳው ለልጆቹ ስላልበቃው ወደ ጫካው ጠርዝ የገፋ ገበሬ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። በየቴሌቪዥኑ የሚታዩት የዱር እንስሳት ዘጋቢ ፊልሞችም ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይለዩም። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳና ዋልያ የሚያሳየው ካሜራ ሣሩንና ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ፣ ገብስ የሚያጭደውን ሰው ከክፈፉ ውጭ ያስቀረዋል።

ከክፈፉ ውጭ መቅረት ዋጋ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውና የሚያርሰው ሰው ነበር። በግጭ አምባ ላይ የነበረው መንደር እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ወረደ፤ በዓመቱ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ተሰረዘ። ለዋልያው መተንፈሻ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተፈጥሮን ሁልጊዜ ያለ ሰው እያየ ያደገ ዓይን፣ ሰውየው ሲነሣ የጎደለ ነገር እንዳለ አይታየውም። ለዚህ ነው የፊልም አተያይ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ነው ሲባል የማልስማማው።

የእኛ ሲኒማ መሬትን ከማዕድ ጋር አያይዞ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 በጥቁርና ነጭ ሲቀርጸው፣ ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጮህበትና ጭሰኛው ጀርባው የሚጎብጥበት ማሳ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነበር። ካሜራው አይቸኩልም፤ በሬ ሲጠመድ፣ ሞፈር ሲሸከሙ፣ ዳገት ሲወጣ እስኪሰለች ድረስ ያሳያል። መሰልቸቱ የታሰበበት ነው፤ ጉልበት ጊዜ እንደሚበላ ተመልካቹ በራሱ ጀርባ እንዲያውቀው ነው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ የባላባቱን ላም ስትከተል የሞላ ወንዝ ይወስዳታል። ገዳዩ ወንዙ ነው? ወይስ ላሚቱን ከልጅቱ ያስበለጠው ሥርዓት? ፊልሙ መልሱን ለተመልካቹ ይተዋል፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅም ብዙ ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ደግሞ ኃይሌ ጀርመን አገር የተማረውን ዶክተር አንበርብርን ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመልሰዋል። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እዚህ ሐይቁ በእርግጥ ውብ ነው፤ ኃይሌ ውበቱን አልሰሰተም። ግን ያው ተፈጥሮ ለተለያየ ሰው የተለያየ ሥራ ይሠራል። ለታመመው ምሁር ጠበል ነው። ለእናቱ ልጇ የሚድንበት ተስፋ ነው። ለጦር ሠራዊት እየታፈሱ ለሚወሰዱት ወጣቶች ዋሻው መደበቂያ ነው። ቱሪስት የሚጎበኘው ዋሻና አፈሳ የሸሸ ልጅ የሚተኛበት ዋሻ በድንጋይነታቸው አንድ ናቸው፤ በሌላው ሁሉ ይለያያሉ።

ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»ን ስትሠራ ይህንኑ ጥያቄ ሐረር ዙሪያ ይዛው ሄደች። ለዓመታት ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በሰንዳንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ዘጋቢ ፊልም ስለ ጫት ነው፤ ሙሉው በጥቁርና ነጭ። ጭሱ፣ ጭጋጉ፣ የመንዙማ ዜማው ተመልካቹን ወደ ምርቃና ይወስደዋል። ካሜራው ከእጅ አይርቅም፦ ቅጠል የሚቆርጥ እጅ፣ የሚለቅም እጅ፣ በሌሊት እስር የሚያስር እጅ። ጫት ከተቆረጠ አንድና ሁለት ቀን ካለፈው ኃይሉ ይሞታል፤ ስለዚህ ተክሉ ሰውን ያስሮጠዋል። ገበሬው፣ ለቃሚው፣ ደላላው፣ ሾፌሩ ሁሉም በቅጠሉ ሰዓት ይኖራሉ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል። በዚያው አካባቢ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ በተከታታይ ለመስኖ እየተሳበና ደለል እየሞላው ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደነበር ይታወሳል፤ ውሃ መልሶ የያዘው በቅርብ ዓመታት ነው።

ይህ ከቦሌ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ከሰዓት በኋላ ቦሌ ሚካኤል ይውረድ። በየጫት ቤቱ ደጃፍ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው እስር እርጥበቱ እንዳይሄድ ውሃ ይረጭበታል፤ በለጬ የሚባለው የጫት ዓይነት ከሌላው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ደንበኛው መርጦ፣ ተከራክሮ፣ ኦቾሎኒና ለስላሳ ጨምሮ ይሄዳል። የቦሌው ቃሚ ጉንጭ ከምሥራቁ ገበሬ የመስኖ ቦይ ጋር በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ተገናኝቷል። በከተማውና በተፈጥሮው መካከል ያለው ግንኙነት ይህን ያህል ቅርብና ይህን ያህል በየዕለቱ የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ቦሌ ላይ የሚሠራው ፊልም ግን ተፈጥሮ ከላንጋኖ ወዲህ የለችም ይለናል።

ወደ ምሥራቁ የከተማ ጠርዝ እንሂድ። ከሰሚት፣ ከአያት፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከቡልቡላ በታች ያለው መሬት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር፤ ያረሱት በአብዛኛው የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ሪል ስቴቶች ተራ በተራ ወሰዱት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ስለዚህ ገበሬው ሲነሣ ካሣ የሚታሰብለት ለመሬቱ ዋጋ ሳይሆን ከመሬቱ ላይ ለሚያገኘው ምርት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ስሌቱ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ሕጉ ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ሲሄድ መሻሻሉ ግልጽ ነው። ሆኖም ማባዣው ምንም ያህል ቢሆን ሊያሰላቸው የማይችላቸው ነገሮች አሉ፦ ገበሬው የሚያውቀው የአፈር ዓይነት፣ ከብቱ የሚጠጣበት ወንዝ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዋጣበት ደቦ፣ ልጁ እረኛ ሆኖ የተማረው የአየር ጠባይ። ካሣው ሲያልቅ ብዙው ሰው የቀን ሠራተኛ ወይም በራሱ የቀድሞ ማሳ ላይ ለቆመ ሕንፃ ጥበቃ ሆነ።

በዚያው በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ አንባቢ ያስታውሳል። ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የደረሰው የከተማ ነዋሪ ደስታና ከማሳው የተነሣው ገበሬ ምሬት በአንድ ቀን፣ በአንድ መሬት ላይ ተጋጠሙ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው፤ ድራማ ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ፊልም ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ግጭት አያገኝም።

ይህን ጠርዝ በቅርብ ካዩት ፊልሞች አንዱ ከውጭ በመጣች ዳይሬክተር የተሠራ ነው። የሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ፌስቲቫል የወጣቶች ክፍል ታይቷል። ዋናው ባለ ታሪክ ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ የእርሻ መሬት የተፈናቀለች እናት ልጅ ነው፤ እናትና ልጅ በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ጥላ ሥር ጭቃ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ልጁ ከሕንፃዎቹ የተጣለ ቁርጥራጭ እየለቀመ መብራትና መጫወቻ ይሠራል። ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ልጁም ጅቡን ለመቋቋም በሐሳቡ አንበሳ ይሆናል። ፊልሙ ቶሎ የሚያስገነዝበን ነገር ጅቡ ብቻውን እንዳልሆነ ነው፦ ሕንፃውም በየዕለቱ ወደ ቤታቸው ይጠጋል። የካ ተራራ ሥር ወይም ከአያት ወዲያ ለሚኖር ሰው የጅብ ድምፅ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ጅቡ የሚወርደው ከተማው በሚጥለው ቆሻሻና አጥንት ተስቦ ነው፤ የበዓሉ በግ አጥንትም የእሱ ማዕድ ነው። ከተማው ተፈጥሮን አባረረ ይባላል እንጂ የሆነው ማዕዱን ማዛወር ነው፤ ገበሬው ተነሣ፣ ጅቡ ቀረበ።

ለሙሉነት «ክረምብስ»ንም ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ የሚጌል ያንሶ ፊልም ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ዘመን በዳሎል ቢጫና አረንጓዴ መሬት ላይ ያሳያል፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅዱስ ዕቃ ይከበራል፣ ከሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ተንጠልጥሏል። ከተዋንያኑ አንዷ በፍቅር ፊልሞች የምናውቃት ሰላም ተስፋዬ ናት፤ ከቦሌ ሳሎን አውጥቶ እዚያ ያቆማት ዓይን ደፋር ነው። የፕላስቲኩ ቀልድም ይያዛል፤ ከእኛ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ያውቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዳሎል ሰው አልባ ጨረቃ አይደለም፤ በዚያው ሜዳ አፋሮች አሞሌ እየቆረጡ በግመል ይጭናሉ። ፊልሙ መሬቱን ባዶ ለማድረግ እነሱን ከክፈፉ አወጣ፤ በዚህ ረገድ ከዱር እንስሳት ዘጋቢው ካሜራ ብዙም አልተለየም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከፊልም ሠሪዎቹ መንደር የሚመጣ ነው፦ ተመልካቹ ሲኒማ የሚገባው ሊዝናና ነው፤ ቀን ሙሉ ታክሲ ሲጋፋ የዋለ ሰው ስለ ማሳና ካሣ ማየት አይፈልግም፤ ደግሞም ቪላ ተከራይቶ በአሥራ አምስት ቀን ፊልም መጨረስ እንጂ ቡድን ይዞ ገጠር መውረድ በጀቱ አይችልም። የበጀቱ ነገር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ቦሌ አራብሳ ያለው ርቀት የገጠር ጉዞ አይባልም። ቪላው ውስጥ ቢቀረጽስ በሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን እስኪርቅ ድምፅ ቀራጩ መጠበቁ መቼ ቀረ? ተመልካቹ አይፈልግም የሚለውን ደግሞ ተመልካቹ ራሱ ውድቅ አድርጎታል። ካሜራውን ከከተማ ሳሎን አውጥቶ ገጠር መንደር ላይ የተከለው ተከታታይ ድራማ «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የከተማው ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ተከታትሎታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። እነዚህ ያሞገስኳቸው ፊልሞች ብዙዎቹ በውጭ ገንዘብ፣ ለውጭ ፌስቲቫል የተሠሩ ናቸው ይባላል፤ «ላምብ» የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የኳታር እጅ አለበት፤ «አንበሳ»ና «ክረምብስ»ን ያቀኑት የውጭ ሰዎች ናቸው። አውሮፓዊው ተመልካች ተራራና ድህነት ማየት ስለሚወድ ያንን ሰጡት የሚለው ሐሜት መሠረት አልባ አይደለም። «ላምብ» ውስጥ ካሜራው በተራራው ላይ ከሚገባው በላይ የሚቆይባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ የጉዞ ወኪል ፖስተር ይመስላል። ግን ፖስተር የማይሠራውን ፊልሙ ይሠራል፦ አጎትየው የሚቆጥረውን አፍ ያስቆጥረናል። የገንዘቡ ምንጭ አተያዩን ሊያጣምም ይችላል፤ ማጣመሙን የምናውቀው ግን ፊልሙን በማየት እንጂ ባንኩን በመጠየቅ አይደለም። በተረፈ ይህ ተቃውሞ የኔን ክርክር ያጠናክረዋል። የከተማው ጠርዝ ታሪክ በውጭ ሰው ዓይን መታየቱ የሚያስቆጨን ከሆነ፣ መድኃኒቱ እኛው ማየታችን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ይመጣል። ሁሉን ነገር በማዕድ ከመዘንነው ተፈጥሮ ለራሷ ዋጋ አይኖራትም፤ ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም ማንንም ባያበሉ መኖር የለባቸውም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን በተሻለ የሰጠው ከሰሜን መቄዶንያ የመጣውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ሃኒላንድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይመስለኛል። በተራራ ላይ የምትኖር ንብ አናቢ ሴት ማር ስትቆርጥ ግማሹን ለራሷ ወስዳ ግማሹን ለንቦቹ ትተዋለች። ጎረቤት መጥቶ የሰፈረው ቤተሰብ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸውና ነጋዴውም ይገፋፋዋልና፣ ሁሉንም ይቆርጣል፤ የእሱ ንቦች የሷን ይወርራሉ፣ ይገድላሉ። ሴትየዋ ንብን ስለምታከብር መብላቷን አልተወችም፤ የምትበላበትን ልክ አወቀች እንጂ። ቀፎ የሰቀለ የጎጃም ገበሬ ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ይረዳዋል። በማዕድ መመዘን ማለት ሁሉን መብላት ማለት አይደለም፤ የሌላውን ድርሻ መቁጠርም እዚያው ውስጥ አለ። ዋልያውም ቀበሮውም ድርሻ አላቸው፤ ከአምባው የተነሣውም ሰው እንዲሁ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከተማዋ ራሷን በአረንጓዴ እየሣለች ነው። እንጦጦ ፓርክ ሆነ፣ የወንዝ ዳርቻዎች እየተሠሩ ነው፣ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ያለው ኮሪደር ሣርና አበባ ለብሷል። መልካም ነው፤ የከተማ ሰውም ጥላ ሥር የመቀመጥ መብት አለው። የዘፈን ክሊፕና የፍቅር ፊልም ካሜራዎችም ወዲያው እነዚህን ቦታዎች አገኟቸው፤ ቪላው ውስጥ የነበረው የተከረከመ ሣር አሁን መንገድ ዳር ወጥቷል። ፍርሃቴ ይህ አዲስ ውበት የድሮውን ዓይነ ስውርነት በትልቅ ስክሪን እንዳይደግመው ነው። ሣሩን በሌሊት የምታጠጣው ሠራተኛ የት ነው የምታድረው? መንገዱ ሲሰፋ የተነሣው ነዋሪ አሁን በየትኛው ማሳ ጠርዝ ላይ ነው ያለው? እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የገጸ ባሕርይ ጥያቄዎች ናቸው።

ለቦሌ ፊልም ሠሪዎች ያለኝ ልመና ፍቅሩን ተዉት የሚል አይደለም። ፍቅረኛሞቹ ይኑሩ፣ ይጣሉ፣ ይታረቁ። ግን ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ፣ ልጅቱ በዚያው ብሎክ ዕጣ የደረሳት እናት ልጅ ቢሆኑስ? ሠርጋቸው ኮሙናሉ ውስጥ ቢደገስ፣ በሬው የሚታረደው የልጁ አባት በአንድ ወቅት በሬ ጠምዶ ያረሰበት ቦታ ላይ ቢሆንስ? ቀልድም ይወጣዋል፣ እንባም ይወጣዋል፤ በጀቱም ከቪላ ኪራይ አይበልጥም። ያን መሬት ያረሱት አባቶች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የትኛው ብሎክ የማን ማሳ ላይ እንደቆመ በጣታቸው ያሳያሉ። የሚጠይቃቸው ጸሐፊ ግን አሁን መሄድ አለበት፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል።